የጎንሳሎ ትከሻ

ብሪቴስ የመርከብ ሸራ የምትሰፋ ሴት ነበረች። የአቬ ወንዝ ወደ ባሕር በሚገባበት፣ በወደብ ከተማዋ በቪላ ዶ ኮንዴ ወንዶቹ መርከብ ይሠራሉ፣ ሴቶቹ ሸራውን ይሰፋሉ፣ መርከቡም ወንዶቹን ይዞ ይሄዳል። ባሏን ጎንሳሎን ወደ ህንድ የወሰደውን ትልቁን ሸራ የሰፋችው ራሷ ናት። ያኔ ሃያ ዓመቷ ነበር፤ ከተጋቡም ገና ዘጠኝ ሳምንታቸው። አሁን ሠላሳ አራት ሞልቷታል።

መርከቡ ህንድ፣ ጎዋ ወደብ ደርሷል። ጎንሳሎ ግን አልደረሰም። ሞዛምቢክ ላይ ታሞ ወረደ ያሉ ነበሩ፤ ማዕበል ወሰደው ያለም ነበር። ሬሳውን አየሁ የሚል ግን አልተገኘም፤ ሬሳ ካልታየ ደግሞ ሚስት መበለት አትሆንም። በበዓል ሰልፍ መበለቶቹ ጥቁር ለብሰው ከፊት ይሄዳሉ፣ ባለትዳሮቹ ከባሎቻቸው ጎን፣ ልጃገረዶቹ ከኋላ። ብሪቴስ አማቷን ደግፋ ዳር ዳሩን ትሄድ ነበር።

አማቷ ሜሲያ ከጎንሳሎ ሌላ ልጅ አልነበራትም። ሁለቱ ሴቶች ወንዙን በምታይ አንዲት ክፍል ውስጥ ይኖራሉ። ብሪቴስ ስትሰፋ አሮጊቷ የሸራውን ሌላ ጫፍ ትይዝላታለች። አሥራ አራት ዓመት ሙሉ ምሳ ሲቀርብ ሦስት ሳህን ይቀመጣል። ብሪቴስ ሦስተኛውን ሳህን ንጹሑን አንስታ ንጹሑን ታጥበዋለች።

ኤስቴቫው የሚባል ሰው አለ። የመርከብ ስንጥቅ በቃጫና በዝፍት የሚደፍን፣ ሚስቱ የሞተችበት፣ ሲስቅ ዓይኖቹ የሚጠፉ ሰው ነው። አምስት ዓመት ጠብቋታል። በዚያ በጋ መጨረሻ ግን ሸራ ሊያደርስ እንደመጣ ሰው ደጃፉ ላይ ቆመና፣

«አቬይሮ ያለችው እህቴ ና እያለችኝ ነው» አላት። «እዚያ አዲስ የመርከብ ሥራ ተከፍቷል። በኅዳር እስከሚውለው ቅዱስ ማርቲን በዓል እቆያለሁ፣ ብሪቴስ። ከዚያ በኋላ እኔም አረጃለሁ።»

«አሁንም እኮ አርጅተሃል።»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ?»

የምትጠብቀውን እሱም ያውቃል። ብራጋ ያለው የቤተ ክህነቱ ዳኛ ጎንሳሎ ሞቷል ብሎ ዳግም እንድታገባ ለመፍቀድ ሁለት ምስክር ይፈልጋል። አንደኛው ተገኝቷል፤ አምብሮዚዮ የሚባል ሽማግሌ መርከበኛ ከዘጠኝ ዓመት በፊት ጎንሳሎ ባሕር ውስጥ ሲወድቅ አይቻለሁ ብሎ ምሎ፣ ቃሉ ተጽፎ ተቀምጧል። ያን ጊዜ ሜሲያም ተጠርታ ለብቻዋ ገብታ ነበር። ስትወጣ «ስሙንና ዕድሜውን ጠየቁኝ» አለች። የቀረው ሁለተኛው ምስክር ነው፤ እሱም ሬሳውን ያየና ገላው ላይ የነበረውን ምልክት መናገር የሚችል መሆን አለበት።

በመስከረም ባስቲያው ከህንድ ተመለሰ። የጎንሳሎ የልጅነት ጓደኛ ነው። ብሪቴስ ልታየው ስትሄድ ደጁ ላይ ፀሐይ እየሞቀ አገኘችው፤ ትከሻው ላይ አረንጓዴ በቀቀን ተቀምጦበታል።

«እትዬ ብሪቴስ፣ ጥርሴን አትፈልጊ፣ ባሕሩ በልቶታል» አላት። «ይኼ ወፍ ከእኔ የተሻለ ይናገራል። ሚስቴም ከእሱ ጋር ነው የምታወራው።»

«ጎንሳሎን አየኸው?»

በቀቀኑን ከትከሻው አውርዶ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠው። «አላየሁትም። በየወደቡ ጠይቄያለሁ። የሰማ እንኳ የለም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «የእኔም እህት እንዳንቺው ባሏን ስትጠብቅ፣ መበለትም ባለትዳርም ሳትሆን ነው የሞተችው። ጎንሳሎ ቢኖር ኖሮ በአሥራ አራት ዓመት አንድ ደብዳቤ ባልላከ ነበር? ባሕሩ ሞዛምቢክ ዳርቻ ላይ የተፋውን ሬሳውን የቀበርኩት እኔ ነኝ ብዬ እምላለሁ። ኃጢአቱ የእኔ ይሁን። አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ገላው ላይ ምን ምልክት ነበረው?»

ብሪቴስ ወደ ኋላ ቆጠረች።

ዘጠኝ ሳምንት። ክረምት ነበር፣ ብርዱ ከወንዙ እየተነሳ በግድግዳው ይገባል፤ ሻማው ጠፍቶ፣ የበግ ቆዳ ተከናንበው ነበር የሚተኙት። ፉጨቱን ታስታውሳለች። ደረጃውን ሲወጣ አንዱን እየዘለለ እንደነበር ታስታውሳለች። ገላውን ግን፣ ጠባሳ ይኑረው ወይስ ማርያም የሳመችው ምልክት፣ አንድም ነገር አታስታውስም። ሚስቱ ነኝ እያለች የቆየችውን ሰው ራቁቱን አንድ ቀን እንኳ በብርሃን እንዳላየችው የገባት ያን ጊዜ ነው።

«ሌላ የሚያውቅ የለም?» አለ ባስቲያው።

አንዲት ሴት ብቻ ነበረች።

ሁለት ቀን ሸራዋን እየሰፋች አሳለፈች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሜሲያ ሰርዲን ዓሣ እየጠረገች ሳለ ከአጠገቧ ተቀመጠች።

«እማማ፣ ጎንሳሎ ልጅ ሳለ ይወድቅ ነበር?»

«የማይወድቅ ልጅ አለ?»

«ጠባሳ ቀርቶበት ነበር ወይ?»

የሜሲያ ቢላ ቆመ። አሮጊቷ ቀና ሳትል «ማን ጠይቂ አለሽ?» አለች።

ብሪቴስ መዋሸት አልቻለችም። ባስቲያው ያለውን፣ ኤስቴቫው የሰጣትን ቀን፣ ሁሉንም ነገረቻት። ሜሲያ እየሰማች አምስት ዓሣ ጠረገች። ከዚያ እጇን በሽርጧ አበሰች።

«ግራ ትከሻው ላይ» አለች። «በአራት ዓመቱ ትኩስ ዝፍት ፈሰሰበት። ባቄላ የሚያህል ጥቁር ነጥብ ቀርቷል።»

«እማማ...»

«ሂጂ። ነጠላ ጫማሽን ግን ቀይሪ፤ የብራጋ መንገድ ድንጋይ ነው።»

ብሪቴስ የአሮጊቷን እጅ ሳመች። የዓሣ ሽታው ከከንፈሯ እስከ ማታ አልለቀቀም፤ እሷም አልጠረገችውም።

ብራጋ ለመድረስ በእግር ሁለት ቀን ፈጀባቸው። ባስቲያው መንገዱን ሙሉ «ግራ ትከሻ፣ ዝፍት፣ ባቄላ» እያለ ይደጋግማል። «በቀቀኑን ባስጠናው ይሻል ነበር» ሲላት ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅ አውጥታ ሳቀች። በወይን ተክል መሃል ሲያልፉ የጥቁር ልብስ ጨርቅ ከየት እንደምትገዛ ታስብ ነበር። ሰው ጥቁር ሊለብስ እንዲህ መቸኮሉ ገረማት።

ዳኛው ቀጭን፣ ጉንፋን የያዛቸው ቄስ ነበሩ። ባስቲያው አንዳችም ሳይደናቀፍ ማለ። ጸሐፊው ጻፈ። ዳኛው የቆየ መዝገብ አስመጥተው በሰም የታሸገ ወረቀት ቀደዱና ለረጅም ጊዜ አነበቡ።

«ሞቷል የተባለው ሰው እናት ከዘጠኝ ዓመት በፊት የሰጠችው ቃል እዚህ አለ» አሉ። «ከቀኝ ጆሮው ጀርባ፣ ፀጉሩ ውስጥ፣ የተሰፋ ቁስል ጠባሳ አለው። በቀረው ገላው ላይ አንድም ምልክት የለም፤ በመስቀል ምላለች።» ወረቀቱን አጠፉት። ባስቲያውን አዩት፤ አልተቆጡትም። «ልጄ፣ አንተ የቀበርከው የሌላ እናት ልጅ ነው። ለእሷም ጸልይላት።»

ባስቲያው አንገቱን ደፋ።

«አባቴ፣ ሌላ ምስክር ባመጣስ?» አለች ብሪቴስ።

ዳኛው አፍንጫቸውን ጠርገው አዘኑላት። «ምልክቱን አሁን ሰማሽው እኮ፣ እመቤት። ከእንግዲህ የምታመጪው ምስክር ሁሉ ካንቺ የሰማውን ነው የሚነግረኝ። ባልሽ ራሱ ይምጣ እንጂ ሌላ መንገድ የለሽም።»

ስትመለስ ሜሲያ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። የጎመን ሾርባው ተሠርቷል፤ ሳህኖቹም ቀርበዋል፣ ሦስቱም።

«ምን አሉ?»

«የሌላ እናት ልጅ ነው አሉ።»

«እውነታቸውን ነው።»

ብሪቴስ ከነአቧራዋ ተቀመጠች። «እማማ፣ እርስዎ አውቀው ነው ያደረጉት?»

ሜሲያ ለመካድ አልሞከረችም። «ያንን ጠባሳ የሰፋሁት እኔ ነኝ፣ በገዛ መርፌዬ» አለች። «ልናገረው አፌን ከፍቼ ነበር፣ ያን ቀን ጠዋት። ከነገርኩሽ እሱ ይሞታል። አንቺም ትሄጃለሽ። ሁለታችሁንም በአንድ ቀን እንዴት ልቅበር፣ ልጄ?»

ብሪቴስ ልትጮህ ፈልጋ ነበር። ቃላቱን መንገድ ላይ አሰናድታቸው መጥታለች። ግን አሮጊቷ ጭልፋውን ከድስቱ አውጥታ እንደያዘች ቀርታለች፤ ሾርባውም ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል። ተነስታ ጭልፋውን ተቀበለቻት። ሁለት ሳህን ሞላች። ሦስተኛውን ባዶውን ተወችው።

ኤስቴቫው እስከ ቅዱስ ማርቲን በዓል ጠበቀ፤ ቃሉን አላጠፈም። በማግስቱ መሣሪያዎቹን በቃጫ ጠቅልሎ በመስኮቷ ሥር አለፈ። ቀና ብሎ አየ። እሷ መርፌውን ይዛ ነበር፤ የሸራውን ሌላ ጫፍ ሜሲያ ይዛለች፤ ሸራው ከባድ ነው፣ ከጭን ላይ አውርደው የሚነሱለት ነገር አይደለም። ሲያልፍ የዝፍቱ ሽታ ወደ ላይ መጣ፤ ከዚያ ያም ሄደ።

ሜሲያ ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረች። ስትሞት ብሪቴስ ቀበረቻትና ለመጀመሪያ ጊዜ ጥቁር ለበሰች፤ ጥቁሩ ለአማቷ ሐዘን ስለሆነ ከልካይ አልነበረውም። ዓመቱ ሲሞላ ግን አውልቂው አሏት፤ አወለቀችው። በሰልፉም ወደ ዳር ተመለሰች፣ አሁን የምትደግፈው ሰው ሳይኖራት።

እርጅናዋን የሚያውቁ የሰፈሩ ሰዎች አንድ ነገሯን ያነሳሉ። ከባሕር የተመለሰ መርከበኛ በመንገድ ሲያልፍ ፊቱን አታይም። ካለፋት በኋላ ዞር ትላለች፤ ዓይኗም ከቀኝ ጆሮው ጀርባ፣ ፀጉሩ ሥር፣ አንድ ነገር ይፈልጋል።