እትዬ አስካለና የመስኮቱ ወንበር

ሞኝነቴን አስቀድሜ ልናገርና ይቅለለኝ። ሃምሳን ያለፍኩ፣ ጸጉሬ የሸሸኝ፣ ሆዴ ግን በታማኝነት ከኔ ያልተለየ ሰውዬ ነኝ። ይኼ ሰውዬ በልጅነት ጓደኛው ላይ በአንድ የባቡር መስኮት ምክንያት ዕድሜውን ሙሉ ሲቀና ኖሯል። በቤቱ ቢሆን ደግ። በደመወዙም ቢሆን ያባት ነው። በመስኮት! ያውም ከተቀመጠበት አርባ ዓመት ባለፈው መስኮት።

ነገሩን የቀሰቀሰው የልጄ የዝናብ ጃኬት ነው። ቅዳሜ በድሮ ባቡር ሽርሽር ልንሄድ ስለሆነ ባለቤቴ ሂሩት ለናኦሚ አዲስ ጃኬት አዘዘችላት። አርብ ከሥራ ስገባ ሲያትል፣ ቢከን ሂል ያለው ቤታችን በር ላይ ተወርውሮ አገኘሁት። ናኦሚ ኪችን ውስጥ ላስቲኩን ስትቀደው ያ ሽታ ወጣ። ያልተለበሰ ናይለን፣ ላስቲክ፣ ትንሽ ጋዝ ጋዝ የሚል፣ ከመርከብ የወረደ ዕቃ ሽታ። ጭልፋ እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ። ናዝሬት፣ ባቡር ጣቢያው አጠገብ፣ እትዬ አስካለ ክፍል ውስጥ ነበርኩ።

እትዬ አስካለ የግቢያችን ሰው ነበሩ። ክፍላቸው ከውሃ ቧንቧው ጎን፣ በሩ ላይ አበባ አበባ ያለበት መጋረጃ የተሰቀለበት ነው። ረጅም፣ ቀጠን ያሉ፣ ሲስቁ አንዲት የወርቅ ጥርስ ብልጭ የምትልባቸው ሴት ነበሩ። ድምፃቸው ግን ዝቅ ያለ ነው፤ ለስላሳ፣ ጆሮ ውስጥ ገብቶ የሚቀመጥ ዓይነት። ግቢው ውስጥ ሁሉም ሰው ይጮሃል፣ እሳቸው ሲናገሩ ግን ሰው ቀረብ ይላል። ከአልጋቸው ሥር ሹራብ ነበር፣ ቁም ሳጥኑ ላይ ሸሚዝ ነበር፣ ከበሩ ጀርባ በከረጢት የታጨቀ የናይለን ካልሲ ነበር። በየጊዜው በባቡር ድሬዳዋ ይወርዱና ከጅቡቲ የገባ ልብስ ይዘው ይመለሳሉ። ይኼን ግቢው ሁሉ ያውቃል፣ ማንም ግን አያወራም። የሰው ነገር ሳታነሳ ሻይ የማይወርድላት እናቴ እንኳ «አስካለ ዘመድ ልትጠይቅ ሄዳለች» ነው የምትለው። በእናቴ አነጋገር ከሆነ ድሬዳዋ ውስጥ የእትዬ አስካለ ዘመድ ያልሆነ ሰው አልነበረም።

የሚሄዱ ቀን ግቢው ሠርግ ያለበት ቤት ይመስላል። እንቁላል በትልቁ ድስት ይቀቀላል። ዳቦ ቆሎ በጨርቅ ከረጢት ይታሰራል። የውሃው ጠርሙስ እርጥብ ጆንያ ይሰፋበታል፤ መስኮት ላይ ሲንጠለጠል ነፋሱ እንዲያቀዘቅዘው። ለሚያቅለሸልሸው የብርቱካን ልጣጭ፣ ለአቧራው ደግሞ አሮጌ ነጠላ ይዘጋጃል።

«ይኼ ሁሉ እንቁላል ለማን ነው አስካለ?» ትላለች እናቴ።

«ፉርጎው ሙሉ ሰው አይደል እንዴ? አጠገቤ ያለው እያየኝ ልበላ ነው?»

ከዚያ የምርጫው ሰዓት ይመጣል። እትዬ አስካለ ልጅ አልነበራቸውም፤ ሁልጊዜ ከግቢው አንድ ልጅ ይዘው ነው የሚሄዱት። በራቸው ላይ ይቆሙና በዚያች ዝቅ ያለች ድምፃቸው «እግርህን ታጠብ» ይላሉ። በቃ፤ እግርህን ታጠብ የተባለ ልጅ ተሳፋሪ ነው። የሚባለው ደግሞ ሁልጊዜ ታደለ ነው። ስሙን እዩልኝ! ከጎናችን ያለው ቤት ልጅ ነው፤ ሸምበቆ የመሰለ፣ ነፋስ ሲመጣ ግድግዳ የሚይዝ ቀጫጫ። እኔ ማንም ሳይለኝ እታጠብ ነበር። ቧንቧው ሥር ቁጭ ብዬ፣ ተረከዜን በድንጋይ ፈትጌ፣ እሳቸው በሚያልፉበት በኩል እግሬን ዘርግቼ አደርቃለሁ። ናዝሬት ውስጥ እንደኔ እግሩ የጠራ ልጅ አልነበረም። ያንን የጠራ እግሬን ይዤ ቤቴ እቀር ነበር።

አንድ ጊዜ ብቻ ተስፋ አደረግኩ። ጠሩኝና ቀይ ሹራብ በራሴ በኩል አስገቡልኝ። ጭንቅላቴ አለፈ፣ ደረቴ ላይ ትንሽ አስቸገረ፣ ሆዴ ጋ ሲደርስ ቆመ። ቢጎትቱት፣ ቢጎትቱት፣ ወይ ፍንክች። ልብስ የሚያጥቡት ሴቶች በሳቅ ፈነዱ። እትዬ አስካለ ጉንጬን ቆንጠጥ አደረጉና «የኔ ድቡልቡል፣ አንተማ አትሆነኝም» አሉኝ። ሹራቡን ያሉ ቢመስለኝ መቼ አለቅስ ነበር! «አትሆነኝም» ያሉት እኔን ነው። ልጅ እንዲኖረኝ ብመርጥ አንተን አልመርጥም ያሉኝ መሰለኝ።

ታደለ ሲመለስ ደግሞ ሌላ ቅጣት አለ። አጥሩ ላይ ቁጭ ይልና ያየውን ያወራል። ከባቡሩ ጋር እሽቅድምድም ስለሚሮጡ ሚዳቋዎች፣ ድልድዩ ላይ ሲደርሱ አዋሽ ከሥር እንደ ክር ቀጥኖ ስለመታየቱ፣ ግመሎች አንገታቸውን አዙረው «ወዴት ነው?» የሚሉ ይመስል ባቡሩን ስለማየታቸው። ልጁ ሁሉ አፉን ከፍቶ ይሰማዋል። እኔም እሰማለሁ፤ እጄ ውስጥ እትዬ አስካለ ያመጡልኝ፣ በጋዜጣ የተጠቀለለ የድሬዳዋ ሐላዋ አለ። ለኔ ሳያመጡልኝ የቀሩበት ቀን የለም። እያለቀስኩ እበላለሁ፣ እየበላሁ አለቅሳለሁ። ድቡልቡልነቴም በዚሁ ቀጠለ።

ሲያትል ቀድሜ የመጣሁት እኔ ነኝ። እፎይ ብዬ መኖር ስጀምር ታደለ ዲቪ ደርሶት ተከተለኝ። እሱ መቼ የማይደርሰው ነገር አለ? ፌደራል ዌይ ይኖራል፤ ሥራው አዛውንት መንከባከብ ነው፤ አዛውንቶቹም ይወዱታል። እኔ የኤርፖርት ሻትል እነዳለሁ፤ ተሳፋሪዎቼ የሚወዱኝ ሻንጣቸውን እስካወርድ ነው። አሁንም ቀጭን ነው። ይኼን ስጽፍ ራሱ ጥርሴን እያፋጨሁ ነው።

እና ከከተማው ወጣ ብሎ ተራራው ሥር ጡረተኞች በፍቅር እየጠገኑ ቅዳሜ ቅዳሜ የሚያንቀሳቅሱት የድሮ ባቡር እንዳለ ስሰማ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት ናኦሚን አልነበረም። መስኮቱን ነው። ታደለንም ጋበዝኩት። ቁጭ ብሎ እንዲያየኝ ነበር የጋበዝኩት።

አርብ ማታ እንደ እትዬ አስካለ ተሰናዳሁ። ካርቶን ሙሉ እንቁላል ቀቀልኩ። ዋይት ሴንተር ካለችው ሱቅ ድፎ ዳቦና ዳቦ ቆሎ ገዝቼ ነበር። ጠርሙስ በእርጥብ ፎጣ ጠቀለልኩ። ለአቧራው ነጠላ አጠፍኩ፤ ዝናብ በማያቆምበት አገር። የብርቱካን ልጣጭም አልረሳሁም።

«ግርማ፣» አለች ሂሩት በሩ ላይ ቆማ፣ «የምትሄዱት ጅቡቲ ነው?»

«ዳዲ፣ ኢትስ ኦንሊ ቱ አወርስ!» አለች ናኦሚ። ሁለት ሰዓት ብቻ መሆኑን እኔም አውቃለሁ። ጭንቅላቴ ያውቃል፤ እጄ ግን መቀቀሉን አላቆመም።

ታደለን ኮል አደረግኩት። «ሶ፣ ነገ የመስኮቱ ወንበር የኔ ነው።»

«ኦኬ።»

«ቀልዴን አይደለም።»

«ኦኬ አልኩህ እኮ! ከፈለግክ ጣሪያው ላይ ውጣ።»

ይኼ ነው የሚያናድደኝ። መስኮት ጠግቦ ያደገ ሰው ነዋ! ምን ቸገረው?

ጠዋት ገና ሳይነጋ ነቅቼ ጫማዬን ላደርግ ስል እግሬን ታጥቦ አገኘሁት። መቼ ሻወር ውስጥ ገብቼ፣ መቼ ተረከዜን እንደፈተግኩ እንጃ። ሂሩት ሥራ ስለነበራት ናኦሚን ይዤ ታደለን ለማንሳት ፌደራል ዌይ ወረድኩ። አንድ የሻይ ኩባያ ብቻ ይዞ ወጣ። የኔን ዘንቢል ሲያይ አልሳቀም፤ ትንሽ ቆም ብሎ አየውና «እንቁላል ነው?» አለ። «ነው» አልኩት። መኪና ውስጥ ገባ።

ፓርክ አድርገን ስንወርድ ባቡሩ ቆሟል። አረንጓዴ ቀለም የተቀባ አሮጌ ፉርጎ፣ የነሐስ እጀታ፣ የእንጨት ወንበር፣ የብረትና የግራሶ ሽታ። ነጭ ጺም ያላቸው ሽማግሌ የድሮ ኮፍያ አድርገው ትኬት ይበሳሉ። ናኦሚን ቀድሜ፣ አዎ፣ የገዛ ልጄን ቀድሜ፣ ባቡሩ ወደሚሄድበት በዞረው ወንበር መስኮቱ ጋ ዘፍ አልኩ። ሆዴም ከኋላዬ ገብቶ ቦታ ያዘ። ናኦሚና ታደለ ፊት ለፊቴ ተቀመጡ፤ ናኦሚ ለመተላለፊያው ቀረብ ያለውን ይዛ ስልኳን አወጣች፣ ታደለም ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ወደ እሷ ዞረ። ባቡሩ ሲንገጫገጭ ልቤም አብሮ ተንገጫገጨ። ጥዱ፣ ወንዙ፣ ሣር ላይ የተኛው ጉም፣ ሁሉም በኔ በኩል አለፈ። የኔ! ዞሬ «አያችሁ?» ልል ስል ናኦሚ ስልኳን አስቀምጣ፣ ታደለን አፏን ከፍታ እየሰማች ነው። ሚዳቋዎቹን እየነገራት ነው።

አሁንስ አበዛው። መስኮቱን ወሰድኩበት፣ እሱ ልጄን ወሰደብኝ።

«ሚዳቋዎቹ በየትኛው ሳይድ ነበሩ?» ብላ ጠየቀችው። «ሌፍት ወይስ ራይት?»

ታደለ የሻይ ኩባያውን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ከዚያ ሳቀ። «አላውቅም እኮ» አለ።

«እንዴት አታውቅም?» አልኩ። «በግራ በኩል እያልክ አይደል እንዴ አጥሩ ላይ ስታቃጥለኝ የኖርከው!»

«ግርማ፣ እኔ አላየኋቸውም።» ወደኔ ጠጋ አለ። «ስንሄድ ጨለማ ነው። ስንመለስ አራት አምስት ሹራብ ደራርበው ያለብሱኛል፣ ከላይ ሸሚዝ፣ ከሥር ካልሲ በካልሲ ላይ። የጉምሩኩ ፊናንስ ሻንጣ ይበረብራል እንጂ የታመመ ልጅ ገላ አይፈትሽም። ከዚያ ጭናቸው ላይ ያስተኙኝና በነጠላ ይሸፍኑኛል። ‹ልጄን ወባ ይዞብኝ ነው፣ አትቀስቅሱብኝ› ይላሉ። ፈታሾቹ ነጠላውን ገልጠው ሲያዩኝ ላቤ እንደ ዝናብ ይወርዳል። በአዋሽ ሙቀት አምስት ሹራብ ለብሶ የማያልበው ማን ነው? ‹ምስኪን፣ እግዚአብሔር ይማረው› ብለው ያልፋሉ።»

ናኦሚ «ኦ ማይ ጋድ» አለች። እኔ የማስበው ስለ ቀዩ ሹራብ ነበር።

«እና እኔን ለምን...»

«አንተን?» አለ ታደለ፣ ሆዴን በአገጩ እያሳየኝ። «አንተማ አንድ ሹራብ እንኳ መቼ ያስገባሃል! ሞክረውህ የለም? መንገዱን ሙሉ እኮ ‹እንደው ያንን ድቡልቡል ባመጣው ደስ ባለኝ፣ ምን ላድርግ› ይሉ ነበር። ለአንተ የገዙትን ሐላዋ እኔ ነኝ ደረቴ ላይ ታቅፌ የማመጣው። እየሸተተኝ! የጥፍር ያህል እንኳ አላስነኩኝም።»

«ሚዳቋዎቹስ?» አልኩ። ድምፄ እንደ ልጅ ቀጥኖ ወጣ።

«እሳቸው ናቸዋ የሚነግሩኝ። ነጠላው ውስጥ ሆኜ እንዳይሰለቸኝ ጎንበስ ብለው በጆሮዬ። ‹አሁን ሚዳቋ መጣ፣ ሁለት ናቸው፣ አንዷ ሰነፍ ናት፣ ወደኋላ ቀረች። አሁን ድልድዩ ላይ ነን፣ ትንፋሽህን ያዝ። አሁን አንድ ግመል አየኝ፣ አንተን ግን አላየህም።› እንዲህ እያሉ ናዝሬት እንደርሳለን። እኔ የነገርኳችሁ እሳቸው የነገሩኝን ነው። ካደግኩ ወዲያ በባቡር አልሄድኩም። የከተማው ላይት ሬል ካልተቆጠረ በባቡር መስኮት አይቼ አላውቅም።»

ጀርባውን ለመስኮቱ ሰጥቶ ነው ይኼን ሁሉ የሚያወራው። ከኋላው ወንዙ ያልፋል፣ እሱ አያየውም።

ተነሳሁ። መነሳቴ ራሱ አንድ ጉዳይ ነበር፤ ባቡሩ ሲወዘውዘኝ ናኦሚ በቀበቶዬ ይዛ አቆመችኝ። «ና፣ ተቀመጥ» አልኩት። «ተው ባክህ» አለ። «ታደለ፣ እንቁላሉን በራስህ ላይ ሳልሰብረው ተቀመጥ።» ተቀመጠ። ግንባሩን መስታወቱ ላይ አስደገፈ።

እኔ ዘንቢሉን ፈታሁ። ይኼ ሁሉ እንቁላል ለማን ነው? ፉርጎው ሙሉ ሰው አይደል እንዴ! ናኦሚ መጀመሪያ አፍራ በጃኬቷ ኮፍያ ተሸፈነች፤ ትንሽ ቆይታ ጨውና ሚጥሚጣውን ይዛ ከኋላዬ ተከተለች። አንዲት አሮጊት ፈረንጅ እንቁላሉን አገላብጠው አይተው «በውስጡ ምን አለ?» ብለው ጠየቁኝ። «እንቁላል» አልኳቸው። ሌላ መልስ የጠበቁ መሰለኝ፤ ግን ወሰዱ። ትኬት የሚበሱት ሽማግሌም ሁለት እንቁላል ኪሳቸው ውስጥ ከተቱ። ሄደን እስክንመለስ ታደለ ከመስኮቱ አልተነሳም። እንቁላል ሳቀብለው እንኳ ሳይዞር ነው እጁን የዘረጋው።

እትዬ አስካለ ካረፉ ቆይተዋል። ያቺ ባቡርም ቆማለች፣ ግቢው የማን እንደሆነ አላውቅም። ፎቶ እንኳ የለኝም። ልጅነቴን ሙሉ ስቀናበት የኖርኩት ግን የታደለ ዓይን ያየው አልነበረም፤ የሳቸው አፍ ያየው ነው። ያንን ደግሞ ናኦሚ ዛሬ ሰማችው፤ ወደ ቤት ስንመለስ ለእናቷ ስልክ ደውላ ስለ ሰነፏ ሚዳቋ በእንግሊዝኛ ስትነግራት መሪውን ይዤ አዳመጥኩ።

ባዶውን ዘንቢል ይዤ ታደለን ቤቱ በር ላይ ሳወርደው፣ አርባ ዓመት ሙሉ የተመኘሁትን መስኮት አሳልፌ ሰጥቼው የለ፣ ምስጋና ጠብቄ «እህ፣ እንዴት ነበር?» አልኩት። የመኪናውን በር ይዞ ትንሽ አሰበ።

«ደስ ይላል» አለኝ። «ግን እውነቱን ልንገርህ ግርማ፣ ነጠላው ውስጥ ሆኜ ይበልጥ ይታየኝ ነበር።»