አሜን ያልንበት እሑድ

ፓርቲው ደብረ ታቦር ሲገባ አራት ሰዎችና አንድ ድምፅ ማጉያ ነበር። ገበያ መሃል ቆመው «ያስራባችሁ ከመሃላችሁ የተቀመጠው ባዕድ ነው» እያሉ ሲጮኹ ሳቅንባቸው። እኔ እንዲያውም ሁለት ትኩስ ዳቦ ላክሁላቸው፤ ጩኸት እንደሚያስርብ አውቃለሁ።

ያኔ ዳቦ ቤቴ ደኅና ይሠራ ነበር። ቀጥሎ ዱቄት ጠፋ፤ ሲገኝም ዋጋው አይቀመስም። ዳቦዬን እያሳነስሁ፣ እያሳነስሁ ስሄድ አንድ ደንበኛዬ መዳፉ ላይ አስቀምጦ «በቀን ስንቴ ነው የሚዋጠው?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ እኔ ጓዳ ገብቼ አለቀስሁ። ከይፋግና ከአንበሳሜ እህል ያመጡልን የነበሩት መኪኖችም ቀሩ። ለምን እንደቀሩ የሚነግረን አልነበረም። መልስ የነበረው ፓርቲው ብቻ ነው፤ መልሱም ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ሙስሊሙ ነጋዴ ደብቆት ነው።

ለእኔ ሙስሊሙ ነጋዴ ማለት ከዳቦ ቤቴ ፊት ለፊት ጨውና ሳሙና የሚሸጡት ሽማግሌ ነበሩ። መደርደሪያቸው ከእኔ የባሰ ባዶ መሆኑን በየቀኑ በዓይኔ አያለሁ። ባለቤቴ በሐምሌ የሞተ ጊዜ ቃሬዛውን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ በር ከተሸከሙት አንዱ እሳቸው ናቸው። አንድ ጫማቸው ጭቃ ውስጥ ሲቀር ዞረው እንኳ አላዩትም። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእሳቸው ነው።

ፓርቲው ግን ዱቄት አመጣ። ከየት እንዳመጣው አልጠየቅንም። የአባልነት ካርድ ያለው በቅናሽ ይገዛል ተባለ። «ለዱቄቱ ነው እንጂ ለእነሱ ብዬ ነው እንዴ?» እያልሁ ካርዱን ወሰድሁ። የሰፈሩ ሰው ሁሉ ይህንኑ እያለ ወሰደ። ተሰልፈን ስንጠብቅ ንግግራቸውንም እንሰማለን። መጀመሪያ ጆሮዬን ይቆጠቁጠኝ ነበር፤ ኋላ ለመድሁት፤ ከዚያም እውነትነት ይኖረው ይሆን ማለት ጀመርሁ። ይኼን ስጽፍ ዛሬም ራሴን ይዘገንነኛል።

የሰፈራችን እድር ክርስቲያንና ሙስሊም አይለይም። ሁለት ትልልቅ ድስቶች አሉት፤ የሙስሊሞቹ ድስት ሽማግሌው ቤት ይቀመጣል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ነፊው በየሰፈሩ ይዞራል፤ ጥሩምባ ያልተነፋለት ቀባሪ የለውም። በዚያ ሰሞን የሽማግሌው ሚስት በጠና ታመው ስለነበር፣ እድሩ ምን ያህል እንደሚያስፈልጋቸው ሁላችንም እናውቃለን።

በእኛ ዘንድ ስብሰባ የሚዘጋው በምርቃት ነው። ሕዝቡ አሜን ካለበት በኋላ ነገሩ አይመለስም። ድሮ የሚመርቁት አዛውንት ነበሩ፤ ያን እሑድ ግን በፓርቲው ሰዎች ድምፅ የተመረጠው አዲሱ የእድሩ ዳኛ ተነሥቶ እጁን ዘረጋ።

«ዝናሙን በወቅቱ ያምጣልን!»

«አሜን!»

«ዱቄቱን ይባርክልን!»

«አሜን!» እዚህ ላይ የእኔ ድምፅ ከሁሉ በልጦ ተሰማ።

«ያስራበንን ባዕድ ከእድራችን ያውጣልን!»

«አሜን!»

ካልሁ በኋላ ነው ቃሉ የገባኝ። ዞር ስል ሽማግሌው ከኋላ መዳፋቸውን ዘርግተው፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ተቀምጠዋል። እሳቸውም ከእኛ ጋር «አሚን» ብለው ነበር። ዓይናቸውን ሲገልጡ ሰው ሁሉ እሳቸውን ያያል። ዳኛው «ተመርቋል፤ አልቋል» አለ። ሰው ሁሉ ልብሱን እያራገፈ ተነሣ፤ እኔም ጭምር።

በማግስቱ ሽማግሌው ድስቱን ተሸክመው ደጄ ላይ ቆሙ።

«የእድሩ ዕቃ ነው። አንች ዘንድ ይቀመጥ» አሉኝ።

«እኔ እኮ ምርቃት መስሎኝ ነው፣ አባባ።»

«እኔም መስሎኝ ነው፣ እታለም።» ድስቱን መሬት አስቀመጡና «እሷ የሞተች እንደሆነ ማን ይደርስልኛል?» አሉ።

«እኔ አለሁ። ማንም ባይመጣ እኔ እመጣለሁ» ብዬ በእግዜር ስም ማልሁላቸው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኼ ነው።

ሚስታቸው ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ሞቱ። ጥሩምባ አልተነፋም። እኔ ያወቅሁት ሱቁ ሳይከፈት ሲያረፍድና ሦስት ሙስሊም ጎረቤቶች ዶማ ይዘው ሲገቡ ነው። ነጠላዬን ለለቅሶ አዘቅዝቄ ለብሼ ወጣሁ።

ቀኑ የዱቄት ቀን ነበር። ቤቴ ለሊጥ የሚሆን አንድ ጣሳ ዱቄት እንኳ የለም። ለቅሶ ቤቱ የሚገባ ካርዱን ይነጠቃል ተብሏል፤ የፓርቲው ሰዎችም ከማዶ ቆመው ማን እንደሚገባ ያያሉ። መንገዱን ለመሻገር ዐሥር እርምጃ አይሞላም።

አልተሻገርሁም። ካፈርሁ አይመልሰኝ ብዬ ባዶ ጆንያዬን ይዤ ወደ ሰልፉ ወረድሁ። ከፊቴ ጥሩምባ ነፊው ጆንያውን በብብቱ ሸጉጦ ቆሟል። ከእሱ ፊት ያሉት ሴቶች ሁሉ እንደ እኔ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ለብሰዋል።