አምስት አለቃ የነበረው የበረዶ መጥረጊያ ሾፌር

በረዶ መጥረጊያ መኪና ላይ በተመደብኩበት የመጀመሪያ ቀን ፎርማናችን ዴቭ የመንገዶቹን ቅደም ተከተል የያዘ ወረቀት ሰጠኝ። ቀጥሎም አምስቱ የምክር ቤት አባላት የት የት እንደሚኖሩ ነገረኝ። «እነሱ ከደወሉ ወረቀቱን ተወው» አለኝ።

ከተማችን ኩን ራፒድስ ከሚባለው ከተማ ብዙም የማትርቅ ትንሽ ከተማ ናት። ያኔ እያንዳንዱ የምክር ቤት አባል ሠራተኛ ያዝዝ ነበር። አንዱ በረዶ ማቅለጫውን ጨው ጨምር ሲለኝ ሌላው ቀንስ ይለኛል። ስልኬ በጮኸ ቁጥር እደነግጥ ነበር።

አንድ ጠዋት ጌሪ የሚባሉት የምክር ቤት አባል ደውለው ወደ ሰፈራቸው አዞሩኝ። መጀመሪያ መጥረግ የነበረብኝ የአዛውንቶች መኖሪያ ያለበት መንገድ ሳይጠረግ ቀረ። ወደዚያ የሄደው አምቡላንስ በረዶ ውስጥ ተቀረቀረ። ታማሚዋ ሴትዮ በሕይወት ተርፈዋል። እኔ ወሬውን በሬዲዮ የሰማሁት የጌሪን ሰፈር እየጠረግኩ ሳለ ነው።

በዓመቱ ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ አሠራሩ ተለወጠ። ምክር ቤቱ ፖሊሲ ያወጣል፤ ሠራተኛውን የሚያዘው ምክር ቤቱ የቀጠረው ሥራ አስኪያጅ ብቻ ነው። የመጀመሪያዋ ሥራ አስኪያጅ ሊንዳ ጋራዥ ድረስ መጥተው «የምክር ቤት አባል ከደወለላችሁ ወደ እኔ ምሩት» አሉን። ሲወጡ ዴቭ ጠጋ ብሎ «እሳቸውንም ማባረር የሚችሉት እኮ እነዚያው የምክር ቤት አባላት ናቸው» አለኝ። ጭንቀቴ ባሰ።

በረዶ እንደጣለ ጌሪ ደወሉ። «እንግዳ አለብኝ፤ መንገዴን ቶሎ ጥረግልኝ።»

«ይቅርታ፣ ሊንዳን ያነጋግሩ» አልኳቸው።

«ስምህ ማን ነበር?» ብለው ጠየቁኝ። ነገርኳቸው፤ ዘጉት።

በምሳ ሰዓት ፍሪድሊ ከተማ ፋብሪካ ውስጥ ለምትሠራው ባለቤቴ ደውዬ ጌሪ ያሉኝን ነገርኳት። «የጤና ኢንሹራንሳችን እኮ የሚገኘው ባንተ ሥራ ነው» አለች።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ጠረግክላቸው?»

«አልጠረግኩም።»

«እንግዲህ እግዜር ያውቃል» አለችኝ።

ሊንዳ ቢሯቸው አስጠሩኝ። ተባረርኩ ብዬ ገባሁ። «ጌሪ ለእኔ ከመደወላቸው በፊት ነገሩን አንተ ልትነግረኝ ይገባ ነበር። ሁለተኛ እንዳይደገም» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም።

ጌሪ በምክር ቤቱ ስብሰባ ላይ ሊንዳ እንዲሰናበቱ ጠየቁ። የኋላ ወንበር ላይ ተቀምጬ ሰማሁ። ሊንዳ በሦስት ለሁለት ድምፅ ተረፉ። ከቀጣዩ የምክር ቤት ምርጫ በኋላ ግን በአንድ ድምፅ ብልጫ ተሰናበቱ። በቦታቸው የተተኩት ሥራ አስኪያጅ በመጀመሪያ ቀናቸው ጋራዥ መጥተው ያንኑ ትእዛዝ ሰጡን።

ሠራተኛ ማን እንደሚያዘው በግልጽ ካላወቀ በፍርሃት ይሠራል። በፍርሃት የሚሠራ ሾፌር ሰው ሊገድል ይችላል።