ቀድሞ የሚደርሰው ሳቅ

ሶፋ ሠሪው መርዶውን የሰማው ሞባይል ቤት ውስጥ፣ በሁለት እጁ ሁለት ታብሌት እንደያዘ ነው።

ስልኩ ደረት ኪሱ ውስጥ ጮኸ። ሻጯ፣ "ይስጡኝ ጋሼ፣ እኔ ልያዝልዎት" ብላ አንዱን ተቀበለችው። የደወለችው የእህቱ ልጅ ነበረች። በሥራ ቀን፣ ያውም በጠዋት፣ ደውላለት አታውቅም።

"አጎቴ፣ የት ነህ?"

"ገበያ ነኝ። የእናትሽን ዕቃ እየገዛሁ ነው።"

ቀጥሎ አንድ ሰው ስልኩን ተቀበላት፤ ጎረቤት ይሁን ዘመድ፣ በድምፁ አልለየውም። እህትዎ ዛሬ ጠዋት ዐርፈዋል አለው። ደም ግፊት ነው፣ ሐኪም ቤት እንኳ አልደረሱም አለው።

"እሺ" አለ ሶፋ ሠሪው። "እሺ፣ እመጣለሁ።"

እጁ ላይ የቀረውን ታብሌት ባንኮኒው ላይ አስቀመጠ፤ ያሳረፈበትን አሻራ በእጅጌው ጠረገ። ሻጯ "ምነው ጋሼ?" ስትለው "ሌላ ጊዜ እመጣለሁ" ብሎ ወጣ።

ይህ ሰው በሰፈሩ የሚታወቀው በሁለት ነገር ነው፤ የሠራው ሶፋ አይጎደጉድም፣ እሱም ቶሎ አይወስንም። ሱቁ ከመንገድ ጋር ፊት ለፊት የተፋጠጠች አንዲት ክፍል ናት። ከፊት ይሠራል፣ ከመጋረጃው ኋላ ይተኛል። ስፖንጅ ሊገዛ ሲሄድ ነጋዴዎቹ ገና ከሩቅ ሲያዩት በረጅሙ ይተነፍሳሉ። እያንዳንዱን በመዳፉ ተጭኖ፣ ለቆት፣ እስኪነሣ ቆሞ ይጠብቃል። "ስፖንጅ እንደ ሰው ነው፤ ጠባዩ የሚታወቀው ሲጫኑት ሳይሆን ሲለቁት ነው" ይላል። በቀጠሮ ሲያመላልሰው ደንበኛው ይነጫነጫል፤ ሶፋው ቤት ከገባ በኋላ ግን ለጎረቤቱ የሚጠቁመው እሱኑ ነው።

አላገባም። በወጣትነቱ ፊት ለፊቱ ክር የምትሸጥ አንዲት ሴት ነበረች። ክር ባያልቅበትም ሄዶ ይገዛ ነበር። ሲያስብበት፣ ሲያስብበት፣ አንድ ሹፌር ቀደመው። የሠርጓን ወንበሮች ጨርቅ ያለበሰው እሱ ራሱ ነው፤ ከዚያ በፊትም ሆነ ከዚያ በኋላ እንደዚያ አድርጎ የሠራው ወንበር የለም ይባላል።

ያሳደገችው እህቱ ናት። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና የጫማውን ማሰሪያ ማሰር አያውቅም ነበር። እሷም ብትሆን ልጅ ነበረች፤ ግን በአንድ ጀምበር እናት ሆነች። ያን ጊዜ ጉንጩ ሙሉ ስለነበር ድንቡሼ አለችው። አድጎ፣ ቀጥኖ፣ እንደ መጥረጊያ እጀታ ከሆነም በኋላ ድንቡሼ ማለቱን አልተወችም። እጁን ይዛ ሽማግሌ ሶፋ ሠሪ ዘንድ የወሰደችውም እሷ ናት። "ይሄ ልጅ አይናገርም፤ እጁ ግን አያርፍም። ያስተምሩልኝ" ብላ። ኋላ አግብታ በአውቶቡስ ሙሉ ቀን ወደሚወስድ ከተማ ሄደች። እሱ እዚያው ቀረ። እሱ "እትዬ" ሲል፣ እሷ "አንተ ድንቡሼ" ስትል፣ በስልክ አረጁ።

ባሏ ከሞተ በኋላ ልጇ ታብሌት ገዛችላት፤ ለአጎቷ ደግሞ አንድ ያገለገለ ፈልጋ ላከችለት። የፊልም ማሳያውንም አፕ ጫነችላቸው። የእሁድ ከሰዓታቸው ከዚያ ወዲህ መልክ ያዘ። እሱ ከስፖንጅ ቁራጭ ማቆሚያ ቀዶ ታብሌቱን የሥራ ጠረጴዛው ላይ ያቆማል። ስልኩን ከፍ አድርጎ ከጎኑ ያኖራል። ከዚያ አገር ሙሉ የሚሰማው ክርክር ይጀመራል።

"ከፈትከው?"

"ከፍቻለሁ እትዬ።"

"እንዳትነካው! መነጽሬን ላድርግ። እ... አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ ተጫን!"

የሚያዩት ተከታታይ ድራማ አንዲት ሴት ሻንጣዋን ይዛ ከባሏ ቤት ስትወጣ ይጀምራል። ትመለሳለች አትመለስም ሲባል ዓመታት አለፉ። እሱ ትመለሳለች ባይ ነው። እትዬ "ምን ቆርጧት! እኔ ብሆን ሻንጣውንም አልፈታው" ትላለች። አንዱ ያለ ሌላው አንዲት ክፍል ላያይ ቃል ተገባብተዋል።

ችግሩ የእሱ ታብሌት ነበር። እኩል ቢጫኑም የእሱ መሃል ላይ ይቆምና ያቺ ክብ ነገር ትዞራለች። እትዬ ትቀድመዋለች።

"ኧረ ጉድ! ኧረ ጉድ ነው!"

"ምን ሆነ? እኔ ጋ እኮ ሰውየው ገና በር እያንኳኳ ነው!"

"አልነግርህም! ኧረ ይቺ ሴት!"

"እትዬ፣ ተይ እንጂ!"

"ይሄ ታብሌትህ ቁርጥ አንተን፤ ነገር እስኪገባው ሰው ይሞታል።"

እንዲህ እንዳሉ አንድ እሁድ ድራማው ሊያልቅ ሦስት ክፍል ሲቀረው፣ ሁለቱም ስክሪን ላይ አንድ ጽሑፍ መጣ። አፑ ከሚመጣው ወር ጀምሮ በዚህ መሣሪያ ላይ አይሠራም ይላል። ተራ በተራ አነበቡት።

"ምን አጠፋን?" አለች እትዬ።

ልጇ አስረዳቻት። ታብሌቶቹ አርጅተዋል፤ አፑን የሚሠሩት ሰዎች ለአሮጌ ዕቃ መሥራት ትተዋል፤ አዲስ መግዛት ነው እንጂ ሌላ መላ የለውም።

"አሮጌ ከሆነ ይጣል ማለታቸው ነዋ! የእኔስ ተራ መቼ ነው?" ብላ ሳቀች። ከዚያ ፍርዷን ሰጠች። ሁለት አዲስ ታብሌት ይገዛል፤ መንታ፣ አንድ ዓይነት፣ ማንም ማንንም እንዳይቀድም። የሚመርጠው ድንቡሼ ነው፣ ዕቃ ማገላበጥ ይችልበታል። የቀሩትን ሦስት ክፍሎች በአዲሶቹ ያዩዋቸዋል፤ መጨረሻው እየተቆራረጠ አይታይም።

እሱም ማገላበጡን ያዘ። ሞባይል ቤቱ ውስጥ ሦስት ታብሌት ዐይኑን ያዙት። በስም ፋንታ ጠባያቸውን ሰጣቸው፤ ሸንቃጣው፣ ርካሹ፣ መሀለኛው። በመዳፉ መዘናቸው። አቆማቸው፣ አስተኛቸው፣ የድምፅ ቀዳዳቸውን ጆሮው ላይ አስጠግቶ አዳመጠ።

"ጋሼ፣ ሶፋ ሊገዛ የመጣ ሰው እንዲህ ቢያገላብጥብዎት ምን ይሉታል?" አለችው ሻጯ።

"ጎበዝ እለዋለሁ።"

ርካሹን ሊወስድ ዳር ዳር ሲል ያስቆመችው እሷ ናት። "አይሞኙ። አፑ ይጫንልዎታል፤ ግን ይሄ ዕቃ የአፑ ባለቤቶች ያላጸደቁት ስለሆነ ጥራቱን ቀንሰው ነው የሚለቁለት። ሰው ከሰው አይለዩም። ታብሌት በመልኩ አይገዛም፤ አፑን ይቀበላል ወይ፣ ለስንት ዓመትስ ይቀበላል ብሎ ነው።"

ማታ ማታ ለእትዬ ሪፖርት ያቀርባል። ሸንቃጣው ሲያዩት ያምራል፣ ግን እጅ ላይ ያንሸራትታል። ርካሹ ሰውን ጭጋግ ያስመስላል። መሀለኛው ደህና ነው፤ ድምፁ ጎላ ይላል፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም አውርዶ የሚያስቀምጥበት ሰፊ ቦታ አለው። ግን ጀርባው ፕላስቲክ ነው።

"ሚስት ነው ታብሌት የምትመርጠው? በዚህ ምርጫህ አይደል ቆመህ የቀረኸው!"

"ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል እትዬ።"

"ያንተ እንቁላል እግር ሳያወጣ ሸተተ።"

"ደግሞ መሀለኛው አምስት ዓመት አፑን ይቀበላል ብለዋል። ዋስትና አለው።"

"እኛስ? እኛን ማን ዋስ ሆነን?" አለች እትዬ፤ እንደገና ሳቀች። "ግዛው በቃ። ነገ ጠዋት ሄደህ ሁለት ስጪኝ በላት። ጀርባውን ማን ያየዋል፣ እኛ የምናየው ፊቱን!"

በማግስቱ ጠዋት ሄደ። መሀለኛውን ሁለት አስወጥቶ፣ መንታ መሆናቸውን ሊያረጋግጥ በግራና በቀኝ እጁ ይዞ ሲመዝናቸው ነው ስልኩ የጮኸው።

ሄዶ ቀበራት። ከእህቱ ልጅ ጋር ጥቂት ሰነበተ። በእትዬ ቤት ያለውን ሶፋ የሠራው ዱሮ ራሱ ነበር፤ ሰዉ ሊያጽናና ሲመጣ እዚያ ላይ ይቀመጣል፣ ይነሣል። እሱ ዐይኑን መቀመጫው ላይ ተክሎ ይውላል። ሰው በተነሣ ቁጥር ስፖንጁ ቀስ ብሎ ወደ ቦታው ይመለሳል። አንዲት ጎረቤት "ምስኪን፣ ዕንባ እንኳ እምቢ አለው" ስትል ሰማት። እውነቷን ነው፣ እምቢ ብሎታል።

ወደ ሱቁ ሲመለስ ወሩ አላለቀም ነበርና አፑ ገና ይሠራል። እሁድ ከሰዓት በኋላ ታብሌቱን እንደ ልማዱ አቆመው። ስልኩንም ከጎኑ አኖረ፤ ለምን እንዳኖረው አያውቅም። የቀሩትን ሦስት ክፍሎች አልነካም። አብረው ያዩትን አንድ የቆየ ክፍል ከፈተ፤ አማቲቱ አዲስ ቀለም የተቀባ ወንበር ላይ የምትቀመጥበትን። ያን ቀን እትዬ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት ነበር። ሰውየው ወንበሩን ሲቀባ ታየ። እዚህ ጋ ነበር፣ እሱ ዘንድ ገና ቀለም እየተቀባ ሳለ፣ ሳቋ በስልኩ የደረሰው። ታብሌቱ ቆመ፣ ክቧ ነገር ዞረች፣ ዞረች፣ ሥዕሉ ቀጠለ። አማቲቱ ተቀመጠች። እሱ አልሳቀም። ሥዕሉን አስቁሞ ቁጭ አለ።

ዓመታት ሙሉ በዚያ መዘግየት ሲያማርር ኖሯል። አሁን ሲያስበው ግን፣ ሳቋ ቀድሞ ሲመጣ፣ የሚያስቅ ነገር ወደ እሱ እየመጣ መሆኑን ያውቅ ነበር። ምን እንደሆነ አያውቅም፤ እየመጣ ነው። እሷ እዚያ ደርሳ አይታዋለች፣ እሱም ይደርሳል። ያቺን ጥቂት ጊዜ ጥርሱን ገልጦ ነበር የሚጠብቃት። ለካ ድራማውን ሳይሆን ያቺን ኖሯል የሚወዳት።

ወሩ አለቀ። በሚቀጥለው እሁድ አፑን ሲነካው ያው ጽሑፍ ብቻ መጥቶ ቀረ።

ብዙ ሳይቆይ ወደ ሞባይል ቤቱ ሄደ። ሻጯ ገና ከበር ስታየው ጎንበስ ብላ ሁለቱን ካርቶን አወጣች። "ለብቻ አስቀምጬልዎት ነበር" አለችው።

"እህቴ ናት የሞተችው። አንዱ የሷ ነበር።"

"ነፍስ ይማር ጋሼ። እግዜር ያጥናዎት።" ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ "እንግዲያው አንድ ነው የሚሆነው?" አለችው።

አንድ ማለት ነበረበት። ለብቻው የኖረ ሰው ነው፤ አንድ ዳቦ፣ አንድ የአውቶቡስ ቲኬት፣ አንድ ብርጭቆ ሲል ዕድሜውን ጨርሷል። ይቺኛዋን አንድ ግን አላላትም። በዚያ ፋንታ መልሱን አሳምሮ የሚያውቀውን ጠየቀ።

"ይሄ ለስንት ዓመት ነው አፑን የሚቀበለው?"

"አምስት ዓመት ያለ ሐሳብ ይሄዳል።"

"አምስት ዓመት ብዙ ነው" አለ።

ሻጯ የዕቃው ዕድሜ በዛ ብሎ ሲማረር የሰማችው ደንበኛ የለም። "ይቆይልዎት እንግዲህ፣ አልሸጠውም" አለችው። አመስግኗት ወጣ።

የእህቱ ልጅ ደወለች። ስለ ጤናው፣ ስለ ሥራው ጠየቀችው። ከዚያ እንደምንም ብላ ወደ ነገሯ ገባች።

"አጎቴ፣ የእማዬና ያንተ ድራማ እንዴት ሆነ?"

"ሦስት ክፍል ቀርቶታል።"

"እኔ ታብሌት ልገዛ ነው። አንተም ግዛ። እሁድ እሁድ እኔ አብሬህ ልይ።"

"አንቺ መቼ ታውቂዋለሽ ድራማውን?"

"ትነግረኛለህ። ሴትየዋ ሻንጣ ይዛ ወጣች፤ ይኸው አወቅሁ።"

ሳቅ አለ፤ እህቱ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያው ነበር። "ልጆችሽስ? እሁድ አይደል ገላቸውን የምታጥቢው?"

"አባታቸው ያጥባቸዋላ! አጎቴ፣ እንዲያው አንድ ጊዜ እንኳ እሺ በል።"

"ላስብበት" አላት።

"እማዬ፣ 'ላስብበት ካለሽ ተስፋ ቁረጪ' ትል ነበር" አለችው። ልትቀልድ ነበር፤ መሃል ላይ ድምፅዋ ተሰበረ። እሱም ሰምቷል። ደህና ዋል፣ ደህና ዋይ ተባብለው ዘጉ።

እሱም እያሰበበት ነው። ወንበር ጨርቅ እያለበሰ ያስብበታል፣ የመቀመጫ ሞላ እያሰረ ያስብበታል። ልጅቷ የምትስቅበትን ቦታ አያውቀውም፤ ምናልባትም ጭራሽ አትስቅ ይሆናል። ደግሞ እሷም እናቷን አጥታለች፤ የምትለምነው ለእሱ ስትል ብቻ እንዳልሆነ ገብቶታል። ይህን ካወቀ በኋላ እንኳ ስልኩን አንሥቶ ያስቀምጠዋል።

ታብሌቱን አልገዛም። ሴትየዋ ትመለስ አትመለስ አላየም። ለእህቱ ልጅም እሺ ወይም እምቢ አላላትም።