ወንድሜን ፍለጋ ፈንታሌ ተራራ ላይ

ከሽሮ ሜዳ የወጣሁት ሰኞ ጎህ ሲቀድ ነው። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ በዘበኝነት የተቀጠረው ታናሽ ወንድሜ ታደሰ ደብዳቤ ካቋረጠ ስምንት ወር ሆኖታል። እናታችን «ሞቶም ከሆነ ቁርጤን ልወቅ» አለችኝ። ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁና የጀመርኩትን ሸማ ከነመወርወሪያው ጥዬ ተነሣሁ።

መተሐራ ሙቀቱ አናት ይበሳል። በሰባ አምስት ሳንቲም ፓስታ በልቼ አደርኩ።

ማክሰኞ፣ ፓርኩ በር ላይ

አንዱ ዘበኛ «ታደሰ? ሥራ ጥሎ ከጠፋ ቆየ» አለኝ። ሌላው «ኧረ ባለፈው ሳምንት አይቼዋለሁ» አለ። ሦስተኛው ጭራሽ አገር ጎብኚ መስዬው ሳላ ስለሚባለው የዱር እንስሳ ቀንድ ርዝመት ያወራኝ ጀመር። ማንን ልመን? ከፊቴ እሾህና ጥቁር ድንጋይ፣ ከዚያ ወዲያ ፈንታሌ ተራራ ብቻ።

በዚህ መሀል አንድ የከረዩ ጎሳ ሽማግሌ ግመሎቻቸውን እየነዱ መጡ። ትከሻቸው ላይ ጣል ያደረጉት ጋቢ እናቴ ፈትላ እኔ የሸመንኩት፣ የታደሰ ጋቢ ነው! ሸማኔ የገዛ ጥለቱን አይስትም። ወንድሜ ሞቷል አልኩ። ዘልዬ ጋቢውን ጨመደድኩት።

«ባለቤቱን የት አደረጋችሁት?»

ሽማግሌው አልተቆጡም። «ልጄ ነው የሰጠኝ። ፊትህ የሱ ፊት ነው፤ ና ተከተለኝ።»

የማን ልጅ? ይባስ ግራ ገባኝ። ግማሽ ቀን ስንወጣ እሳቸው ላብ እንኳ አልወጣቸውም፤ የጉለሌን ዳገት ለምጃለሁ ባዩ እኔ በየድንጋዩ ቁጭ እል ነበር።

ተራራው አናት ላይ

እንደ ከረዩዎቹ ፀጉሩን ቅቤ የተቀባ ጎረምሳ በትሩን ተደግፎ ቆሟል። ታደሰ ነው። አቅፌው አለቀስኩ፤ ወዲያው ደግሞ ሰደብኩት።

«ምነው፣ አንዲት ወረቀት እንኳ!»

«ጋሼ፣ ስሜ ለውትድርና ወጥቶ ነው የጠፋሁት። ብጽፍ ደብዳቤው በቀበሌ አይደል የሚደርሳችሁ? እኚህ አባት እንደ ልጃቸው አስጠጉኝ፤ ከጋቢዬ በቀር የምሰጣቸው አልነበረኝም። በቃ፣ ለእማዬ ብቻ ንገራት።»

ሐሙስ፣ ሽሮ ሜዳ

ገና ቤት ስገባ የቀበሌው ሊቀመንበር ከኋላዬ ተከትሎኝ ገባ።

«እህ ጓድ፣ ወንድምህን አገኘኸው?»

እናቴ ዓይን ዓይኔን ታየኛለች።

«አላገኘሁትም» አልኩ።

ደረቷን መታች። ጎረቤቱ በጩኸቷ ተሰበሰበ፤ ሊቀመንበሩም ባርኔጣውን አውልቆ ከለቀስተኛው ጋር ተቀመጠ። የገዛ እናትን ዓይን እያዩ መዋሸት ያን ተራራ ከመውጣት እንደሚከብድ የተማርኩት ያን ጊዜ ነው። እንደሚያጽናና ሰው አቀፍኳትና በጆሮዋ «አለ፤ ደህና ነው» አልኳት።

እናቴ እንባዋን በነጠላዋ ጠረገች። ሊቀመንበሩን ቀና ብላ አየችው። ከዚያ ከቅድሙ በባሰ ድምፅ «ወይኔ ልጄን!» እያለች ማልቀሷን ቀጠለች።