ፊሽካ ያለ ፊሽካው

የክለባችንን የሴቶች መረብ ኳስ ቡድን ሃያ ስድስት ዓመት ያሠለጠነውን ሰው ተጫዋቾቹ በሌለበት «ፊሽካ» ይሉታል። እኔ፣ የክለቡ ዕቃ ቤት ጠባቂ፣ እኩያው ስለሆንኩ ፊት ለፊት ነው የምለው። በአንድ ፊሽካ ያስቆማል፣ በሁለት ያስቀይራል፣ በረጅሙ ያስሮጣል። ሰርቭ ያበላሸች ሁለት ዙር ትሮጣለች። ይህን ሕግ ከራሱ አሰልጣኝ ነው የወረሰው።

ዘንድሮ ደብዳቤ መጣለት። የሁለት ሳምንት ኮርስ ወስዶ ፈቃዱን ካላሳደሰ በሚቀጥለው ውድድር አግዳሚ ወንበር ላይ መቀመጥ አይችልም። ከዚያ ወንበር ሌላ ኑሮ እንደሌለው ሚስቱም ታውቃለች። እየተነጫነጨ ሄደ፤ በመጀመሪያው ቀን ሲመለስ ፊቱ ተለዋውጧል።

«አስተማሪዋ ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ጠያቂዋ!»

ጠያቂዋ ያልናት የድሮ ተጫዋቹን ነው። የማትጠይቀው ነገር አልነበረም። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ከቡድኑ ያባረራት እሱ ራሱ ሲሆን፣ አሁን ተምራ አሰልጣኞችን ታሠለጥናለች። «ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» እያለ ቢያጉረመርምም ደብተር ገዝቶ መጻፍ ጀመረ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም እንዲሉ፣ ደብተሩ የነገሩትን ሁሉ ይዟል፤ እሱ ግን ምን እንደሚያደርግበት አያውቅም።

ዕቃ ቤቱ በር ላይ ኳስ ስነፋ ያገኘኝና፣ «ኮርሱ ላይ ተጫዋቾቹን ጠይቅ ይሉኛል» ይላል። «እነሱ ካወቁ እኔ ምን ልሠራ ነው የምመጣው?»

«እኔን ትጠይቀኛለህ? የኔ እውቀት ኳስ መንፋት ነው።»

እቀልድበታለሁ እንጂ አንጀቴን በልቶት ነበር።

የፈተናው ቀን ጠያቂዋ ራሷ መጣች። ልምምዱን ያለ ፊሽካ እንዲመራ ጠየቀችው። ከአንገቱ አውልቆ ሰጠኝ፤ ገመዱ በላቡ ርሷል። ልጆቹ ጀመሩ። ኳስ ወደቀ፤ ሁሉም ወደ እሱ ዞሩ። እጁ ደረቱን ዳበሰ፣ ፊሽካው የለም። እንደገና ወደቀ፤ እንደገና ዞሩ። አምበሏ ቀረብ ብላ፣ «አሰልጣኝ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለችው።

ደብተሩን አየ፣ እኔን አየ፣ ግራ ገባው።

«እናንተስ... ምን ትላላችሁ?» አለ።

አንዷ ኳሱን አቅፋ ቀረበች። «ሰርቭ ስናበላሽ ለምንድን ነው የምንሮጠው? ሮጠን ስንመለስ እጃችን ይንቀጠቀጣል። ቀጣዩንም እናበላሻለን።»

ጠያቂዋ መጻፏን አቆመች። እኔም ደነገጥኩ። ይህን ጥያቄ እዚሁ ሜዳ ላይ ሰምቼው አውቃለሁ።

ፊሽካ ደብተሩን ዘጋ። «አላውቅም» አለ። «እኔንም እንዲሁ እያስሮጡኝ ነው ያደግኩት።»

ልምምዱ ሲያልቅ ጠያቂዋ ወረቀቱ ላይ «አልፏል» ብላ ፈረመችና፣ «እኔ ይህንኑ ስጠይቅዎ ያሉኝን ያስታውሳሉ?» አለችው።

አሰበ፣ አሰበ። «አላስታውስም።»

ጨብጣው ሄደች። ፊሽካውን ስመልስለት አልተቀበለኝም።

«ምን ብያት ነበር?»

ማልያዋን የተረከብኳት እኔ ስለሆንኩ አልረሳሁትም። «‹አራት ዙር ሩጪና ማልያውን መልሺ› ነው ያልካት። አራቱንም ሮጣ መለሰች።»

አግዳሚው ላይ ቁጭ አለ። የፈረመችለትን ወረቀት አገላብጦ አየው።

«ታዲያ ለምን አሳለፈችኝ?» አለኝ።

«እሷን ጠይቃት እንጂ» አልኩት።