ቦታው አልሞላም ነበር

የጻፍነው ማመልከቻ ሲያረጅ የት እንደሚደርስ ብዙዎቻችን አናውቅም። የዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤት ኃላፊ ግን አሳምራ ታውቃለች። ደብዳቤው ይመዘገባል፣ ማህደር ውስጥ ይገባል፤ አሥር ዓመት ካለፈው በኋላ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ ያነበውና “ይቀመጥ” ወይም “ይወገድ” ይላል። እስከዚያው አንድ ማህደር ከመደርደሪያ ከወጣ በቦታው ቀይ ካርድ ይቆማል፦ ማን ወሰደው፣ ለምን፣ መቼ ይመልሳል። ነገሩ ቀላል ይመስላል፤ ያ ሁሉ ሺህ ማህደር ሳይጠፋ የሚኖረው ግን በዚህች ካርድ ነው።

ወደዚህ ሥራ የመጣችው አስባበት ነው። ከሂሳብ ጋር ዓይንና ናጫ ነበሩ። እዚሁ ዩኒቨርሲቲ ልትገባ ስትል የየትምህርት ክፍሉን የኮርስ ዝርዝር ሰብስባ፣ ሂሳብ ያለበትን ሁሉ በእርሳስ አሰመረችበት። የምህንድስናው ገጽ ከላይ እስከ ታች መስመር ብቻ ሆነ። የመዝገብ አያያዙ ላይ ያሰመረችው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱም የመጀመሪያ ዓመት ስታቲስቲክስ። በዚህ አላበቃችም። ፍርድ ቤት፣ ሆስፒታል፣ ባንክ፣ ማዘጋጃ ቤት እየዞረች መዝገብ ቤታቸው ሰው ይቀጥር እንደሆነ ጠየቀች። ወረቀት የሌለው መሥሪያ ቤት አጣች። እንዲህ ተጠንቶ የተመረጠ ትምህርት ደስ ይላል፤ እሷም በምርጫዋ አንድ ቀን አልተጸጸተችም።

የሚቆጠቁጣት ሌላ ነው። አባቷ ልብስ ሰፊ ነው። ገና በልጅነቷ “መሐንዲሷ” ብሎ ስም አውጥቶላታል፤ ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ፣ እሱ ሰው እንደሚለካ እሷ ደግሞ ድልድይ እንደምትለካ ይነግራት ነበር። ያንን በኩራት የበራ ፊት እያየች እውነቱን ማውጣት አቃታት። ለምህንድስና አመልክታ ቦታው ሞልቷል እንደተባለች ነገረችው። ከዚያ ወዲህ አባቷ ልኩን ለሚያስለካ ደንበኛ ሁሉ፣ ቦታ ሞልቶባት እንጂ ልጁ ይኼኔ መሐንዲስ እንደነበረች ያወራል።

ባለፈው ዓርብ አሥራ አንድ ዓመት የሞላቸውን ደብዳቤዎች ስትለይ የአባቷን የእጅ ጽሑፍ አየች። ለምህንድስና ክፍሉ ኃላፊ የተጻፈ ነው፤ ቦታ ከተለቀቀ ልጁን እንዲያስቧት ይለምናል፤ የተመራቂዎቹን ጋውን በነፃ እንደሚሰፋም ጨምሯል። የመልሱ ቅጂ ከጀርባው ተያይዟል። “የተጠቀሰችው ተማሪ አላመለከተችም። በክፍሉ አሥራ አራት ክፍት ቦታዎች አሉ።” ከሥር፣ “ደርሶኛል” የሚል ቃልና የአባቷ ፊርማ።

ያን ሁሉ ዓመት ያውቅ ኖሯል።

ቀይ ካርድ አወጣች። “ለምን” የሚለውን ባዶ የሚተው ሠራተኛ በሷ እጅ ወዮለት፤ አሁን ግን እስክሪብቶዋን ይዛ ብዙ ቆየች። በመጨረሻ “ለአባቴ ለማሳየት” ብላ ጻፈች። መመለሻ፣ ሰኞ።

ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ስትደርስ አባቷ እጆቹን የዘረጋ አንድ ደንበኛ ሲለካ አገኘችው።

“ይቺ ናት እንዴ መሐንዲስ ልትሆን የነበረችው?” አለ ሰውየው።

“ናታ። ቦታ ሞልቶባት እኮ ነው።”

“አልሞላም ነበር፣ አባዬ። አላመለከትኩም።”

ደንበኛው ደንግጦ እጆቹን አወረደ። አባቷ መልሶ ዘረጋለት፤ ልኩ እንዳይበላሽ። ለክቶ፣ ጽፎ፣ ሸኝቶት ሲመለስ መነጽሩን አወለቀ።

“ደብዳቤዬን አገኘሻት?”

“አገኘኋት። ለምን ዝም አልከኝ?”

“እስክትነግሪኝ ነዋ። ሂሳብ እንደምትፈሪ አውቅ ነበር። የፈራሽው እኔን መሆኑን ያወቅሁት ያን ቀን ነው።”

“ታዲያ ለሰው ሁሉ ቦታ ሞልቶባት የምትለው?”

“ካፍሽ የወጣውን እኔ ላፍርስብሽ?”

ግድግዳው ላይ ተሰፍተው ያለቁ ልብሶች ተሰቅለዋል፤ እያንዳንዱ ላይ የባለቤቱ ስም ያለበት ወረቀት በስፒል ተይዟል። ለነዚህ ሁሉ ሰዎች አባቷ የሷን ውሸት ሲዋሽላት ኖሯል። ዳር ያለውን ኮት እጅጌ ያዘች።

“የዚህ ባለቤት መቼ ነው የሚመጣው?”

“ከሰዓት።”

“እኔው እነግረዋለሁ” ብላ በርጩማ ስባ ተቀመጠች።